ጀግናውን ትተን ጎረቤቱን እንይ

ወጣቶቻችን ዛሬ ከሚያነቧቸውና በስልክና በቴሌቪዥን ከሚከታተሏቸው ታሪኮች መካከል አንድ ወገን በርትቶ ይታያል። ዘመኑ ገና ያልመጣ ዘመን ነው፤ አገሪቱ በካርታ ላይ የሌለች አገር ናት፤ መንግሥቱ ሁሉን የሚያይ፣ ሁሉን የሚሰማ፣ ሁሉን የሚቀጣ ነው። ሕዝቡ አጎንብሷል። ከዚያ አንድ ቀን አንዲት ልጃገረድ ወይም አንድ ጎረምሳ ቀና ይላል፤ ዐመጽ ይቀጣጠላል፤ ዛሊሙ ይወድቃል። ፈረንጆቹ ይህን ወገን ዲስቶፒያ ይሉታል፤ እኛ የክፉ ዘመን ልቦለድ ብንለው ከእውነቱ አንርቅም።

ስለ እነዚህ ታሪኮች በወላጆች መካከል ሁለት ዓይነት ንግግር ይሰማል። አንደኛው፣ «ይህ ፊትና ነው፤ ልጆቻችን በአባትና በመሪ ላይ እንዲነሱ ያስተምራል፤ ከቤት ይውጣ» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ «ተዉአቸው፤ ጀግንነት ይማሩበታል፤ ዙልምን መጥላት ምን ክፋት አለው?» ይላል። ሁለቱ ወገኖች የተጣሉ ይመስላሉ። እኔ ግን በአንድ ነገር ተስማምተው ነው የሚታዩኝ። ሁለቱም ታሪኩ የጀግናው ነው ብለው ያምናሉ፤ አንዱ ጀግናውን ይፈራዋል፣ ሌላው ይወደዋል። ከእነዚህ መጻሕፍት የተሻሉትን ረጋ ብሎ ላነበበ ሰው ግን ትልቁ ጉዳይ ጀግናው አይደለም። (ከዚህ በታች የውጭ አገሩን ዘመን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የአገራችንን ዓ.ም. እያልኩ እጽፋለሁ።)

እስቲ «ዐመጽ ያስተምራል» ከሚለው ወገን እንጀምር። የዚህን ልቦለድ መንገድ ከጠረጉት አንዱ ሩሲያዊው ዬቭጌኒ ዛምያቲን ነው። ሰውየው የመርከብ መሐንዲስ ነበር። «እኛ» የተሰኘውን መጽሐፉን የጻፈው በ1920 እና በ1921 ሲሆን፣ በዚያ ዓለም ሰዎች ስም የላቸውም፤ በፊደልና በቁጥር ይጠራሉ፤ ቤታቸውም ግድግዳው መስታወት ነው፤ ማንም ከማንም አይሰወርም። የአገሩ መንግሥት መጽሐፉን አላስወጣውም። መጀመሪያ የታተመው በ1924 ኒውዮርክ ውስጥ በእንግሊዝኛ ትርጉም ነው። ደራሲው በ1931 ከአገር እንዲወጣ ይፈቀድለት ዘንድ ለስታሊን ደብዳቤ ጻፈ፤ ተፈቀደለትና ወጣ፤ በ1937 ፓሪስ ላይ ሞተ። ሶቪየት ኅብረት መጽሐፉን ያሳተመችው ገና በ1988 ነው። ታዲያ ይህን ያህል የተፈራ መጽሐፍ በምን ያበቃል? ባለታሪኩ ምናቡን ከጭንቅላቱ የሚያወጣ ቀዶ ሕክምና ይደረግለታል። ከዚያም የወደዳትን ሴት አሳልፎ ይሰጣል፤ ስትሰቃይ ፊት ለፊት ተቀምጦ ያያል፤ ምንም አይሰማውም። ይህ ነው የዐመጽ ትምህርት?

የዛምያቲንን መጽሐፍ አንብቦ በ1946 አስተያየት የጻፈበት እንግሊዛዊው ጆርጅ ኦርዌልም ከዚህ የተሻለ ተስፋ አይሰጥም። በ1949 ባወጣው «1984» ውስጥ ዊንስተን የተባለው ባለታሪክ የመንግሥት ጸሐፊ ነው፤ ሥራው የቆዩ ጋዜጦችን ዛሬ ከሚፈለገው ጋር እንዲስማሙ አድርጎ እንደገና መጻፍ ነው። ይህ ሰው በስውር ይሸፍታል፤ ይያዛል፤ ይሰቃያል፤ የሚወዳትን ሴት ይከዳል፤ በመጨረሻም የሚጠላውን ገዥ ይወዳል። መጽሐፉ እዚያ ላይ ያበቃል። እንግዲህ ከቤት ይውጣ የሚሉት ወላጆች የፈሩት መጽሐፍ ሌላ ካልሆነ በስተቀር፣ ይህኛው ለማንም ሰይፍ አያስታጥቅም።

ደግሞም ብዙ አንባቢ ዘሎት የሚያልፍ አንድ ቦታ አለ። ዊንስተን ወደ ስውሩ ማኅበር እንዲገባ ሲጠየቅ ምን ምን ለማድረግ ዝግጁ እንደሆነ ይመረመራል። ለዓላማው የሚጠቅም ቢሆን በሕፃን ፊት ላይ አሲድ ትረጫለህን ይባላል። አዎ ይላል። ሳያቅማማ። ኋላ በእስር ቤት፣ ከገዢዎቹ የተሻለ ሰው እንደሆነ ሲናገር፣ ያ ቃሉ በድምፅ ተቀድቶ ኖሮ መልሰው ያሰሙታል። ኦርዌል ይህን በከንቱ አላስገባውም። ዐመጸኛውም ልቡ ውስጥ ምን ይዞ እንደሚነሳ ሊያሳየን ነው።

ወደ ሁለተኛው ወገን፣ «ጀግንነት ይማሩበታል» ወደሚለው ልመለስ። አንድ ልጅ ከእነዚህ ታሪኮች አንዱን አንብቦ ሲጨርስ፣ ወይም ፊልሙ አልቆ መብራት ሲበራ፣ ራሱን በማን ቦታ አስቀምጦ ይነሳል? ያለጥርጥር በቀስት ወርዋሪዋ፣ በሸማቂው፣ በጀግናው ቦታ ነው። ራሱን በጸሐፊው ቦታ የሚያስቀምጥ ልጅ የለም። ስም ዝርዝሩን በታይፕ የመታው፣ ማኅተሙን ያሳረፈው፣ በሩን የከፈተው፣ መጋረጃውን የጋረደው ሰው ማንም አይደለም። እንግዲህ ቁጥሩን አስቡት። በአንድ የግፍ ዘመን ውስጥ ጀግናው አንድ ወይም ሁለት ነው። ጨካኙም እንዲሁ ጥቂት ነው። የቀረው ሚሊዮን ጎረቤት ነው። ልጆቻችንም፣ እኛም፣ በዕጣ ቢሆን የሚደርሰን የጎረቤቱ ቦታ ነው።

ኦርዌል ይህን ጎረቤት በስሙ ጠርቶ አስቀምጦታል፤ ፓርሰንስ ይባላል። ከዊንስተን ጎን የሚኖር፣ ወፍራም፣ ላቡ የማይደርቅ፣ ለመንግሥት መዋጮ ከየቤቱ የሚሰበስብ፣ ክፉ ልብ የሌለው ሰው ነው። ልጆቹ የሕፃናት ሰላዮች ማኅበር አባላት ናቸው፤ አባትየውም በዚህ ይኮራል። አንድ ሌሊት በእንቅልፍ ልቡ መሪውን የሚነቅፍ ቃል ያወጣል። የሰባት ዓመት ሴት ልጁ በቁልፍ ቀዳዳ ሰምታ ትጠቁማለች። ዊንስተን እስር ቤት ሲያገኘው ፓርሰንስ አያለቅስባትም፤ ልጄን በደንብ አሳድጌያታለሁ ብሎ ይደሰታል። ለሙስሊም ቤተሰብ፣ ለማንኛውም ቤተሰብ፣ በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ከአይጥና ከእስር ቤት ይልቅ የሚያስፈራው ይህ ነው። ግፉ በሩን ሰብሮ አልገባም። እራት ገበታው ላይ ተቀምጦ አድጓል።

ያው ደራሲ በ1945 ባወጣው በእንስሳቱ ታሪክ ውስጥ ደግሞ ቤንጃሚን የተባለ አህያ አለ። ከእንስሳቱ መካከል እንደ አሳማዎቹ አጥርቶ ማንበብ የሚችል እርሱ ነው፤ ግን አያነብም፤ ለማንም አይናገርም፤ ዝም ይላል። ሕጎቹ በሌሊት ሲለወጡ ያውቃል፤ ዝም። ባልንጀራው የሆነው ታታሪው ፈረስ ተጭኖ ሲወሰድ ነው ሮጦ መጥቶ በጋሪው ጎን የተጻፈውን ጮክ ብሎ የሚያነበው። ጋሪው የፈረስ አራጅ ጋሪ ነው። ያን ጊዜ ረፍዷል።

በ1954 ይህ ታሪክ በእንግሊዝ አገር የካርቱን ፊልም ሆኖ ተሠራ። ገንዘቡን በስውር የሰጠው የአሜሪካው የስለላ ድርጅት ሲ.አይ.ኤ. ነበር። መጨረሻውም ተለወጠ። በመጽሐፉ ውስጥ እንስሳቱ በመስኮት አሻግረው አሳማውንና ሰውን መለየት እስኪያቅታቸው ድረስ ይመለከታሉ፤ ሌላ ነገር አይሆንም። በፊልሙ ግን ያ አህያ መሪ ሆኖ ሁለተኛ ዐመጽ ይነሳል፤ አሳማዎቹም ይወድቃሉ። ለምን ተለወጠ? ምክንያቱም ተመልካቹ ራሱን እንዲጠይቅ አልተፈለገም፤ ጠላት የተባለውን መንግሥት ጠልቶ እንዲነሳ ነው የተፈለገው። የጀግና መጨረሻ ለሻጩ ሁልጊዜ ይመቸዋል።

ዛሬም የሚሸጠው ይኸው ነው። «ሀንገር ጌምስ» የተባሉት የሱዛን ኮሊንስ መጻሕፍት ከ2008 እስከ 2010 ወጡ፤ ፊልሞቹ ከ2012 ጀምሮ ተከታተሉ። ካፒቶል የተባለች የተንደላቀቀች ከተማ በዙሪያዋ ያሉትን ወረዳዎች እየበዘበዘች፣ በየዓመቱ ልጆቻቸውን ወስዳ በአደባባይ እርስ በርስ ታገዳድላለች። እውነቱን ለመናገር ደራሲዋ ከፊልሙ ማስታወቂያ ትሻላለች። በሦስተኛው መጽሐፍ የዐመጸኞቹ መሪ ካሸነፈች በኋላ በተራዋ የካፒቶልን ልጆች ለማገዳደል ሐሳብ ታቀርባለች፤ ካትኒስ የተባለችው ጀግናም የመጨረሻ ቀስቷን የምትወረውረው በወደቀው ገዥ ላይ ሳይሆን በእርሷ ላይ ነው። ይህ ጠንከር ያለ ነገር ነው። ነገር ግን ገበያው ምን አደረገ? በ2013 ሁለተኛው ፊልም ሲወጣ አንድ ታላቅ የመዋቢያ ኩባንያ በካፒቶል ስም የፊት ቀለምና የጥፍር ቀለም ለገበያ አቀረበ። የበዝባዦቹን ከተማ ኩልና ቀለም ለታዳጊ ሴቶች ልጆች! ታሪኩን ያልገባው ማን ነው፣ ሻጩ ወይስ ገዥው? እኔ ሻጩ በደንብ ገብቶታል እላለሁ።

ይህን ስል የሚነሳብኝን ክርክር አውቀዋለሁ። «ይህ ፊልም እኮ በእውነተኛው ዓለም ወጣቶችን አስነስቷል» ይሉኛል። ልክ ናቸው። በታይላንድ በ2014 ወታደሮች ሥልጣን ከያዙ በኋላ ወጣቶች ከፊልሙ የወሰዱትን የሦስት ጣት ሰላምታ በአደባባይ አንስተው ታሰሩ። በዚያው ዓመት «1984»ን በአደባባይ ማንበብ እንኳ ለመያዝ አበቃ። በሚያንማርም የካቲት 1 ቀን 2021 ጦሩ መንግሥት ሲገለብጥ ሦስት ጣት በየመንገዱ ተነሳ፤ ብዙዎችም በጥይት ወደቁ። በእነዚህ ልጆች ላይ ቀልድ የለኝም። ድፍረታቸው እውነተኛ ነው፤ የከፈሉትም ዋጋ እንዲሁ።

ሚያንማር ላይ ግን ትንሽ እንቆይ፤ ነገሩ ሁሉ እዚያ ተሰብስቦ ይገኛልና። ኦርዌል ራሱ ከ1922 እስከ 1927 በዚያች አገር፣ ያን ጊዜ ቡርማ ስትባል፣ የእንግሊዝ ቅኝ ገዥ ፖሊስ ሆኖ አገልግሏል። የአገሩ አንባቢዎች ሲቀልዱ፣ ኦርዌል ስለ እኛ የጻፈው አንድ መጽሐፍ ሳይሆን ሦስት ነው፤ የቡርማን፣ የእንስሳቱን እና «1984»ን ይላሉ። ቀልዱ ያስቃል፤ ውስጡ ግን መራራ ነው።

በ2021 ጦሩን ያስጨነቀው በመጀመሪያ ቀስት የያዘ ጀግና አልነበረም። መፈንቅለ መንግሥቱ በተካሄደ በቀናት ውስጥ የመንግሥት ሆስፒታል ሐኪሞችና ነርሶች ሥራ አቆሙ። መምህራን ተከተሉ፤ የባንክ ሠራተኞች፣ የባቡር ሠራተኞች፣ የሚኒስቴር ጸሐፊዎች ተከተሉ። ማኅተሙን የሚመታው እጅ አልመታም አለ። ፓርሰንስ ቤቱ ቀረ። ልጆቻችን ከዚያ አገር ሊማሩ የሚገባቸው ነገር ካለ የጣቱን ሰላምታ ሳይሆን ይህን ነው።

ዳሩ ግን ያው ሕዝብ፣ ያው ጸሐፊ፣ ያው መምህር ከአራት ዓመት በፊት የት ነበር? ሮሂንጊያ ሙስሊሞችን የ1982 የዜግነት ሕግ አገር አልባ ሲያደርጋቸው የት ነበር? በ2014 የሕዝብ ቆጠራ ሲደረግ «ሮሂንጊያ» የሚለው ቃል እንዳይመዘገብ ተከለከለ፤ «ቤንጋሊ ነን» ያላለ አልተቆጠረም። ኦርዌል በመጽሐፉ ውስጥ ቃላትን ከመዝገበ ቃላት እየፋቀ የሚደሰት አንድ የቋንቋ ባለሙያ ፈጥሯል፤ ሐሳብ የሚገለጽበት ቃል ከጠፋ ሐሳቡም ይጠፋል ባይ ነው። ያ ልቦለድ በሚያንማር የቆጠራ ቅጽ ላይ ተፈጸመ። በነሐሴ 2017 የተጀመረው ዘመቻ ከ700 ሺህ በላይ ሰው ወደ ባንግላዴሽ አሰደደ። ጎረቤቱ አየ፤ ብዙው ዝም አለ፤ ያጨበጨበም ነበር።

ጀግናዋስ? አውንግ ሳን ሱ ቺ ማለት ዓለም ሁሉ የተቃውሞ ምልክት ያደረጋት ሴት ነበረች። በ1991 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተሸለመች፤ በተለያየ ጊዜ ተደምሮ 15 ዓመት ያህል በቤት ውስጥ እስር ኖራለች። በታኅሣሥ 2019 ጋምቢያ ያቀረበችውን የዘር ማጥፋት ክስ ለመከላከል ሄግ ድረስ ሄዳ በዳኞች ፊት ቆመች፤ ለጦሩም ተከራከረች። አንድ ዓመት ከጥቂት ወራት አለፈ፤ ያው ጦር እርሷኑ አሰራት። ይህን ልቦለድ አድርጎ የሚጽፍ ደራሲ ቢኖር አንባቢው «ተጋነነ» ይለው ነበር። መፈንቅለ መንግሥቱ ከተካሄደ በኋላ ብዙ የሚያንማር ወጣቶች ሮሂንጊያዎችን በማኅበራዊ መገናኛ በአደባባይ ይቅርታ ጠየቁ። በራሳቸው ቤት በር ሲንኳኳ ነው የጎረቤታቸው በር መንኳኳቱ ትዝ ያላቸው። ይቅርታው ከልብ እንደነበር አልጠራጠርም። ግን እንደ አህያው ንባብ ዘግይቶ የመጣ ነው።

ወደ አገራችን እንምጣ። አንዳንድ ሰው ይህ ሁሉ የፈረንጅ ወሬ ነው ይላል። አይደለም። አቤ ጉበኛ «አልወለድም»ን ያወጣው በ1955 ዓ.ም. ነው። በእናቱ ማህፀን ያለ ፅንስ ግፍ ወደ በዛበት ዓለም አልወጣም ብሎ ሲከራከር የሚያሳይ የራሳችን የክፉ ዘመን ልቦለድ ነው፤ የንጉሡ መንግሥትም አግዶታል። በዓሉ ግርማ ደግሞ በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ሹም ነበር፤ ቃል በሚበጠርበትና በሚቀመምበት መሥሪያ ቤት ውስጥ ማለት ነው። በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ»ን አሳተመ፤ መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፤ እርሱም ከሥራ ተባረረ። በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ዓመቱ 1984 ነበር። ኦርዌል ለመጽሐፉ ስም ያደረገው ያ ዓመት ማለት ነው።

በዚያው ዓመት፣ በእኛ መስከረም 1977 ዓ.ም.፣ ደርግ የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በታላቅ ድግስ አከበረ፤ ኢሠፓም ተመሠረተ። አዲስ አበባ በቀይ ጨርቅና በሐውልት ስታሸበርቅ በወሎና በትግራይ ሰው በረሃብ ይረግፍ ነበር። ዓለም የኮረምን መጠለያ በቴሌቪዥን ያየው በዓሉ ካለፈ በኋላ፣ በጥቅምት ነው። ከዚያ ሰፈራ መጣ። ወደ 600 ሺህ የሚሆን ሕዝብ ከሰሜን ወደ ደቡብና ምዕራብ ተጓዘ፤ ከወሎ የተነሱ ብዙ ሙስሊም ቤተሰቦችም ነበሩበት። ቃሉ «በፈቃደኝነት» ነበር። ከገበያ ተይዞ ከነበለሱ መኪና ላይ የተጫነ ገበሬ፣ ሚስቱ በአንድ መኪና ልጆቹ በሌላ የሄዱበት ሰው፣ በመዝገቡ ላይ ፈቃደኛ ነው።

ከዚያ ሰባት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም.፣ የባሰ ነገር ታይቷል። «ነፃ እርምጃ» የሚለውን ቃል የማያስታውስ አረጋዊ የለም። ያለ ፍርድ መግደል ነፃ እርምጃ ተባለ። ጎረቤትን ማሳበቅ «ማጋለጥ» ሆነ። ሬሳ ለመውሰድ የመጣ ወላጅ ልጁ የተገደለበትን የጥይት ዋጋ ክፈል ይባል ነበር፤ ማልቀስም ክልክል ነበር። ይህን ከኦርዌል ቀድቼ አይደለም የምጽፈው። ኦርዌል የጥይት ዋጋ ማስከፈል አልታሰበውም።

እንግዲህ ስለ ጀግና ታሪክ የማለው ሁሉ እዚህ ላይ ይከብዳል። ያ ትውልድ የጀግና ታሪክ ያጣ ትውልድ አልነበረም። ተማሪው የቻይናን፣ የኩባን፣ የቬትናምን፣ የሩሲያን አብዮት አንብቧል፤ ለጭቁኑ ሕዝብ ልቡ ተቃጥሏል፤ ራሱንም በጀግናው ቦታ አስቀምጧል። ኢሕአፓም መኢሶንም ከዚያው ትምህርት ቤት፣ ከዚያው ሰልፍ የወጡ ልጆች ነበሩ። ነገር ግን ሁለቱም ራሳቸውን ጀግና፣ ሌላውን የሕዝብ ጠላት አድርገው ሲያዩ በከተማ ውስጥ እርስ በርስ ተገዳደሉ፤ ጥይቱ የማን እንደሆነ እስኪያጠያይቅ ድረስ። መኢሶን ከደርግ ጋር ቆሞ ኢሕአፓን አስመታ፤ ከ1969 መጨረሻ ጀምሮ ራሱ ተመታ። አብዛኞቹ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ነበሩ። ዊንስተን በሕፃን ፊት ላይ አሲድ እረጫለሁ ያለው ለዓላማ ብሎ ነው። እነዚህም ለዓላማ ነው።

በየቀበሌው ግን ሌላ ሰው ነበር። ስኳርና ዘይት የሚያድል፣ የነዋሪ መዝገብ የሚይዝ፣ ማን ቤት እንግዳ እንዳደረ የሚጽፍ፣ ስብሰባ ያልመጣውን ስም የሚያነብ። ይህ ሰው አረመኔ አልነበረም። የዛሬ ልጆች አያት ሊሆን ይችላል። ከእነዚህ መካከል ስም ከዝርዝር የፋቁ አሉ፤ ሌሊት መጥተው «ዛሬ ቤትህ አትደር» ብለው የሄዱ አሉ፤ በአልጋ ሥር፣ በእህል ጎተራ ውስጥ የጎረቤት ልጅ የደበቁ እናቶች አሉ፤ እስላም ክርስቲያን ሳይሉ። ጽፎ የሰጠም አለ። ይህን ሁሉ የሚያውቁት አያቶች ከእኛ እየተለዩ ነው። ሲጠየቁ «ያን ዘመን አታንሳብኝ» ይላሉ፤ ልጁም ወደ ስልኩ ይመለሳል፤ ስልኩም ካፒቶልን ያሳየዋል። አዲስ አበባ መስቀል አደባባይ ዳር የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ቆሟል፤ የራስ ቅሉም፣ ፎቶግራፉም፣ ልብሱም አለ። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ሕፃናትን አይደለም፤ እነዚህን ፊልሞች ለማየት የደረሱትን። ቀስተኛዋን ለማየት የደረሰ ልጅ ይህን ለማየት ደርሷል። አያትየው ከቻሉ አብረው ይሂዱ፤ የት ሰፈር ይኖሩ እንደነበር፣ ያን ጊዜ በቀበሌው ውስጥ ማን ምን ይሠራ እንደነበር በራሳቸው አፍ ይንገሩት።

መጽሐፉንም አትከልክሉት። ግን ምርጫውን ከእርሱ ጋር ምረጡ። ዐረብኛ ወይም እንግሊዝኛ ለሚያነብ ልጅ ግብፃዊቷ በስማ ዐብዱልዐዚዝ በ2013 ካይሮ ላይ ያሳተመችውን «አጥ-ጣቡር»ን፣ ማለትም «ሰልፉ»ን፣ እመርጥለት ነበር። ደራሲዋ የአእምሮ ሐኪም ናት፤ በሥራዋም የስቃይ ሰለባዎችን ታክም ነበር። በልቦለዱ ውስጥ ሕዝባዊ አመፅ ከከሸፈ በኋላ «በሩ» የሚባል መሥሪያ ቤት ይነግሣል። ለሁሉ ነገር የበሩ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ በሩ ግን አይከፈትም። ሰዎች ለቀናት፣ ለሳምንታት ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ሰልፉ ውስጥ ሻይ ይፈላል፣ ወሬ ይወራል፣ ጓደኝነት ይመሠረታል፣ ንግድ ይነገዳል። በሃይማኖት ስም የበሩን ነገር የሚያሳምር ሰውም አይጠፋም፤ ይህን ክፍል የእኛ ሰዎች በተለይ ቢያነቡት እወዳለሁ። ዐመጽ የሚመራ ጀግና የለም። ሰው እንዴት ቀስ በቀስ ሰልፍን እንደ ኑሮ እንደሚለምድ ነው የምታሳየው።

ያህያ የተባለ ወጣት በአመፁ ቀን በጥይት ተመትቷል፤ ጥይቱ በሰውነቱ ውስጥ ነው። መንግሥት ግን አልተተኮሰም ብሏል። ስለዚህ ጥይቱን ለማውጣት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ፈቃዱም ያልተተኮሰ ጥይት መኖሩን ያምናልና አይገኝም። ሐኪሙ ጣሪቅ ይባላል። ጎበዝ ቀዶ ሐኪም ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም፤ ማውጣት እንደሚችል ያውቃል፤ ካላወጣው ወጣቱ እንደሚሞትም ያውቃል። ቢያወጣው ሕግ ተላለፈ ይባላል። ልጃችሁ መጽሐፉን ሲጨርስ ስለ ያህያ አትጠይቁት፤ ለያህያ ማዘን ቀላል ነው። ስለ ጣሪቅ ጠይቁት፤ እርሱ ሐኪሙ ቢሆን በየትኛው ቀን ቢላዋውን ያነሳ እንደነበር፣ ምን ቢፈራ፣ ማንን ቢያማክር። ጣሪቅ የያህያን ፋይል በመሳቢያው ቆልፎ አስቀምጦታል። ብቻውን ሲሆን ያወጣዋል፤ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ያነበዋል፤ አዲስ የተጨመረበት ነገር እንዳለ ያያል፤ መልሶም ይቆልፍበታል።